ቍልፉን ስለ ማዛወር

ሰው ከተከራየው ቤት ሲለቅ ቍልፉን ለባለቤቱ አስረክቦ ይወጣል። እኛ ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ካሮጌው ኮምፒዩተራችን ወደ ዐዲሱ ስንዛወር ቍልፉን ይዘን ለመውጣት ተመኘን። ቍልፍ የምንለውም ከብረት የተሠራ ሳይሆን፣ በአምስት በአምስት ተከፍሎ የተጻፈ የ25 ፊደልና ቍጥር ድርድር ነው። የዊንዶውስን ፈቃድ ያገኘንበት ይኸው ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. ከነካርቶኑ ገዝቶ የላከልን ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድማችን ነበረ።

ዐዲሱን የሸጠልን ነጋዴ፣ «ምን አደከመዎ? ክራክ የተደረገውን በጥቂት ብር እንጭንልዎታለን» ብሎን ነበር። ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ለባለጕዳይ ስንመልስ የኖርን ሰዎች ነንና ነገሩ አልዋጥልን አለ፤ ዋጋው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልባችንን ሳይነካው አላለፈም።

ፈቃዱ እንደ አገዛዙ ይለያያል። ከፋብሪካው ከኮምፒዩተሩ ጋራ አብሮ የመጣው ከማዘርቦርዱ ጋራ ይኖራል፤ ከእርሱም ጋራ ይሞታል። ለብቻው በችርቻሮ የተገዛው ግን ይዛወራል። ይሁን እንጂ ባንድ ጊዜ የሚያገለግለው ባንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። ችግራችንም ከዚህ ላይ ተነሣ፤ አሮጌውን ዩኒቨርሲቲ ለሚገባው ለእኅታችን ልጅ ለመስጠት ቃል ገብተን ኖሯልና።

በጥቍሩ መስኮት ላይ የትእዛዝ መስመር ጽፈን ቍልፉን ካሮጌው ስናወርድ፣ ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ታዲያ የእኔው ባዶውን ሊቀር ነው?» አለን።

የምንመልስለት አጣን።

ዐዲሱ ደግሞ ቍልፉን ብንሰጠው አልቀበልም አለ። የቀረው መንገድ የስልክ ነበረ። ኮምፒዩተሩ ዘጠኝ ክፍል የሆነ፣ በእያንዳንዱም ሰባት አኃዝ ያለበት፣ በጠቅላላው የ63 አኃዝ ቍጥር አወጣ። ወንድማችን በዚያ ማዶ ባንዱ ስልክ የኩባንያውን መሣሪያ ሲያነጋግር፣ በሌላው ስልክ እኛን ያዳምጥ ነበር። ዐይናችን ደክሞ ስለ ነበረ ቍጥሩን እያነበበ የነገረው ያው ልጅ ነው፤ የራሱን ድርሻ የሚወስድበትን ቍጥር አንድም ሳይሳሳት አነበበ! በአምስተኛው ክፍል ላይ መስመሩ ተቋረጠና እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርን። በመጨረሻ በስምንት ክፍል የተከፈለ የ48 አኃዝ መልስ መጣልን፤ እርሱንም ስናስገባ ዐዲሱ ፈቃዱን ተቀበለ።

አሮጌው ጨርሶ አልሞተም። ይጽፋል፣ ያነብባል፤ በስተቀኝ በታች ማዕዘኑ ላይ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ደብዛዛ ጽሕፈት ወጣበት፤ የጀርባውንም ሥዕል ከቅንብሩ ማስለወጥ እንቢ አለ። ልጁ እንዲሁ አቅፎት ሄደ። «ለመስቀል ሌላ ቍልፍ እንገዛልሃለን» አልነው። መስቀል ደረሰ፤ አለፈም፤ አልገዛንለትም።

ለገና ሲመጣ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ አሳየን። ኡቡንቱ የሚባለውን፣ ያለ ገንዘብ የሚገኘውን ሥርዓት ጭኖበታል። ያ ደብዛዛ ጽሕፈት የለም።

«ጋሼ፣ ለእርስዎም ልጫንልዎ?» አለን፤ በፊቱ ላይ የቅያሜ ምልክት አላየንም።

እኛም ያን የ25 ድርድር በወረቀት ገልብጠን የቈለፍንበትን መሳቢያ አንድ ጊዜ ተመለከትንና፣ ቡናው ይቀዳ ብለን አዘዝን።