አንድ ወር ሙሉ ልደት

የተወለድኩት ጳጉሜን 3 ነው። ደሞዝም የቤት ኪራይም በማያውቀው ወር ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ የሰፈር ልጆች «ወር የሌለው» ይሉኝ ነበር። እናቴ ግን ትኮራበታለች። ዕለቱ ሩፋኤል ነው፣ ዝናብ እየዘነበ ነው የወለደችኝ፣ የሩፋኤል ዝናብ ደግሞ ጸበል ነው። ብዙ የእኔ ዘመን ሰው የልደቱን ቀን ያገኘው ትምህርት ቤት ሲመዘገብ መዝጋቢው ከጻፈለት ወረቀት ነው። እኔ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ምስክሬ ዝናቡ ነው።

ዘንድሮ 35 ሞላኝ። አዲስ አበባ ላይ በዚህ ዕድሜ ልደት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዱ ሆቴል ይያዛል፣ ኬክ ይታዘዛል፣ ሒሳቡ ሲመጣ ሁሉም ስልኩን ማየት ይጀምራል። እኔ ደግሞ በፍሪላንስ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። ለእኔ ቢጤ 12ቱም ወር ጳጉሜን ነው፤ ደሞዝ የለም። ስለዚህ ሌላ ነገር አሰብኩ፦ ልደቴን ወሩን ሙሉ አከብራለሁ። ወሩ አምስት ቀን ነውና ኪስ አይጎዳም። (በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ይሆናል፤ ያኔ በጀት ይጨመራል።) ያደግኩት ሐረር ነው። ወደ እናቴ ቤት ሄጄ አምስቱንም ቀን እንስሳ ሳይ ልውል ወሰንኩ።

እናቴ ዓላማዬን ስነግራት ቡናውን ከረከቦቱ ላይ ረስታ አየችኝ።

«ጅብ ለማየት 500 ኪሎ ሜትር መጣህ?»

«አንቺን ለማየት ነው እንጂ።»

«ውሸታም! እኔንማ ብትሆን ለመስቀልም ትመጣ ነበር።»

ልክ ናት። ጅብ ለእሷ የሚታይ ነገር አይደለም። ሌሊት ከአጥር ውጭ የሚጮህ ጎረቤት ነው። ሌላ አገር ልጅ አልተኛም ሲል «ጅቡ መጣ!» ይባላል። እኛ ሰፈር ይህ ማስፈራሪያ አይሠራም ነበር፤ ጅቡ እውነትም ይመጣል፣ ቆሻሻውን ለቃቅሞ ይሄዳል።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት ሐረር ላይ ተገልብጧል። እዚህ ያውቁታል፣ ቁርበቱንም አንጥፈውለታል። በሐረሪ ቋንቋ ወራባ ይሉታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጁገል ግንብ አምስት ታሪካዊ በሮች እንዳሉት እያንዳንዱ አስጎብኚ ይነግራችኋል፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ግንቡ ሥር ዝቅ ብላችሁ ካላያችሁ የማታገኟቸው ሌሎች ቀዳዳዎችም አሉ። ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ። ግንቡ የተሠራው ጠላት እንዳይገባ ነው። ያንኑ ግንብ ለጅብ ብለው ቀደዱት። ዩኔስኮ በ1998 ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መስጊዶቹንና አድባራቱን ቆጥሯል። እኔ ብሆን ከእነዚህ ቀዳዳዎች ነበር የምጀምረው።

የመጀመሪያው ማታ እንደ እንግዳ ሆኜ ወደ ምገባው ሄድኩ። ዩሱፍ ሙሜ ሳሊህ ለአሥርት ዓመታት ጅብ ሲመግቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሥራውን ልጃቸው አባስ ወርሶታል። ጎብኚዎች በባጃጅ ይመጣሉ፣ የባጃጁ መብራት ይበራል፣ ሥጋው በእንጨት ላይ ይጠቀለላል፣ ደፋሩ እንጨቱን በጥርሱ ይነክሳል። ጅቧ ትጠጋለች፣ ትንፋሿ ፊታችሁ ላይ ይሞቃል፣ ሥጋውን ወስዳ ትሄዳለች። «ጅቧ» ያልኩት በስህተት አይደለም። በጅብ መንጋ ሴቶቹ ይገዝፋሉ፣ ይገዛሉም፤ ልጅም የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል። አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ «አንበሳ ነህ!» ሲላት ሳቄ መጣ።

ትርኢቱ ጥሩ ነው፣ እዩት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ከሁሉም ትንሹ ነገር እሱ ነው። ሰዉ ፎቶውን አንስቶ ባጃጁ ላይ ሲወጣ የጅቡ ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

በማግስቱ ከአክስቴ ልጅ ጋር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጁገል ውስጥ በእግር ወጣን። መኪና ግርግር ቀን ላይ ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ጩኸት የተነሳ ጆሮ አያሰማም። ሌሊት ግን የራሳችሁን እርምጃ ትሰማላችሁ። አንዲት ቀጭን መንገድ ስንታጠፍ ከፊታችን መጣ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ነው። የአክስቴ ልጅ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋኝ፤ «ይለፍ» አለኝ በሹክሹክታ። ጅቡ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እኛን እንደ ግድግዳው ቆጥሮ፣ ከሥራ እንደዘገየ ሰው ቶሎ ቶሎ እየተራመደ አለፈ። ሥጋ አልያዝንለትም፣ ፎቶም አላነሳነውም። ከአምስቱ ቀን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ያችን ግማሽ ደቂቃ እመርጣለሁ።

ጅብ ሰው አይነካም የሚል ተረት አልነግራችሁም። አገራችን ውስጥ ልጅ የተነጠቀበት፣ አህያውን ያጣ ስንት ሰው አለ። ሐረርም ብትሆን ይህን ያጣችው አይመስለኝም። በአሹራ ቀን ለጅቦቹ ገንፎ የሚቀርብላቸው ለምንድን ነው? ሽማግሌዎቹ የሚያወሩት ታሪክ የሚጀምረው ከፍቅር ሳይሆን ከረሃብ ዘመን ነው፤ ጅብ ሰው መብላት ሲጀምር ገንፎ አቀረቡለትና ተስማሙ ይላሉ። ስምምነት የሚባለው ከሚፈሩት ጋር ነው። ጅብ ጂን ይበላል የሚሉም አሉ። እሱን እኔ አላውቅም፤ አባ ሰንጋ መብላቱ ግን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት እንደሚገምተው የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብና የሥጋ ተረፈ ነገር ያጸዳሉ። በዚህም አምስት ሰዎችንና 140 ያህል ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎችን በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ ያድናሉ። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2012 በትግራይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ የሥጋው ተረፈ ነገር ሲጠፋ፣ ጅቦቹ ወደ አህያ እንደሚዞሩ አሳይቷል። ጾሙን ያውቁታል ማለት ነው፣ ባይጾሙትም።

ሩፋኤል ዕለት ዘነበ። እናቴ በ35 ዓመቴ ግቢ ውስጥ አቁማ በዝናብ አስጠመቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩ አይጠቅማችሁም፤ ጎረቤቶቹ ግን አሁንም እየሳቁ ነው።

ከሰዓት ግድር መጋላ ወረድኩ። ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው የሥጋ ሻጩን እጅ ይከታተላሉ። ቁራጭ ወደ ላይ ሲወረወር መሬት አይደርስም። አንዷ አንድ እንግዳ ከያዘው ፌስታል ላይ እንዲሁ ቆንጥራ ሄደች። የግመል ይሁን የበሬ፣ ማን ይባርከው ማን፣ ጭልፊት አይጠይቅም። ከዚያም በሚኒባስ ወደ ሐረማያ ሐይቅ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህ ሐይቅ ደርቆ ከብት ይግጥበት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጠፋ ተብሎ ተለቅሶለታል። አሁን ውሃ አለው፣ ወፍም አለው። ዳር ላይ ቆሜ በተውሶ ባይኖክላር የውሃ ወፎቹን ለመቁጠር ሞከርኩ፣ 60 ላይ ስደርስ ሁሉም ተነሱና ከእንደገና። የውሃ ፓምፖቹም ድምፅ አብሮ ይሰማል። ሐይቁ መጀመሪያ የደረቀበት አንዱ ምክንያት ለመስኖና ለከተሞች መጠጥ ከመጠን በላይ መቀዳቱ ነበር።

ጳጉሜን 4 ባቢሌ ሄድኩ።

የባቢሌ የዝሆን መጠለያ የተቋቋመው በ1962 ነው። ስፋቱ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከኦሮሚያ እስከ ሶማሌ ክልል ይደርሳል። ወረቀት ላይ። መሬት ላይ ያለው ሌላ ነው፤ እርሻ፣ መንደር፣ የከሰል ጭስ፣ አገር ያጥለቀለቀ ቁልቋል። የዝሆኑ ታሪክ ከሐረር ገበያም ጋር የተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1873 ሐረር ሲገባ ግጥም ሊጽፍ አልነበረም፤ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ለሚነግድ ኩባንያ ተቀጥሮ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት ስትጎበኙ ፎቅ ላይ ያለው ባለቀለም መስታወት ያምራል። ያ ሁሉ ጥርስ የማን አፍ ውስጥ እንደነበረ ግን ማንም አያነሳም።

ከስካውት ጋር ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ በእግር ሄድን። ዝሆን አላየሁም። ያየሁት ዱካውን ነው። ጭቃው ላይ የሰፌድ ታህል ክብ፣ የሌሊቱ ዝናብ ሞልቷት። የተገነጠለ የግራር ቅርንጫፍ፣ ቅርፊቱ ገና ያልደረቀ። ስካውቱ ፋንድያው ውስጥ እጁን ከተተና «የዛሬ ሌሊት ነው» አለ። እጄን እኔም ከተትኩ፤ ለብ ያለ ነበር። ሰው በልደቱ ሰሞን ምን ያላደርጋል!

ዱካውን ተከትለን ስንሄድ የማሽላ ማሳ ውስጥ ገባን። ዝሆኖቹም እንደኛው ገብተው ነበር። መሃሉ ላይ መኪና የዞረበት ይመስል ማሽላው ተኝቷል። ባለማሳው ማማው ላይ ነበሩ፣ ሃምሳ የሚሆናቸው ሰው፤ አጠገባቸው ሌሊቱን ሲደበድቡት ያደሩ ባዶ ጀሪካን። በኦሮምኛ ነው ያወራነው፣ የኔ ኦሮምኛ የገበያ ስለሆነ ስካውቱ ይረዳኝ ነበር። በዚህ ወር እንቅልፍ የለም አሉ። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር እሳቸው ማማ ላይ ያድራሉ፣ ልጃቸው ሌላው ጫፍ ላይ። አንድ ሌሊት የዓመቱን ሊወስድ ይችላል። ዝሆኑን ይጠሉት እንደሆን ጠየቅኳቸው።

«አባቴም ያውቀው ነበር» አሉ። «ድሮ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር።» በእጃቸው ወደ ሸለቆው አመለከቱ። «አሁን በዚያ በኩልም ሰው አርሷል። በየት ይለፍ?»

እኔ ስለ ጁገል ቀዳዳዎች ነገርኳቸው። ያውቁታል፣ ሐረር ጫት ሊሸጡ ይመላለሳሉ። ሳቁና እንዲህ አሉ፦ «ጅቡ የጣላችሁትን ነው የሚበላው። ዝሆኑ የዘራሁትን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ይህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እኛ «ሐረር፣ ሰውና አውሬ በፍቅር የሚኖሩባት» ብለን የምንለጥፈው ፎቶ እውነት ነው፤ ግን ርካሹን እውነት ነው የመረጥነው። ጅብን ማሳለፍ የአንድ ክንድ ቀዳዳ ነው የጠየቀው። ለዝሆን የሚበቃ ቀዳዳ ስንት ማሳ ነው? የማን ማሳ ነው? ማማው ላይ ላደሩት ሰውዬስ ማን ይከፍላል? መጠለያው በወጣበት ካርታ ላይ እሳቸው የሉም፤ እሳቸው በሚያርሱት ማሳ ላይ ደግሞ መጠለያው የለም። ሁለቱም ሌሊት ላይ ይገናኛሉ፣ በጀሪካን ድምፅ። በጁገልም ቢሆን ቀዳዳው ለዘላለም የተሰጠ ነው ብላችሁ አትኩሩ። ከግንቡ ውጭ ጅቡ ቀን የሚያድርበት ጫካና ገደል ሁሉ ቤት እየተሠራበት ነው። አንድ የግንቡ ጎረቤት አዛውንት የመንገድ መብራቱ ከበዛ ወዲህ ጅቦቹ በኋላ በኩል እየዞሩ ነው የሚገቡት ብለውኛል።

ይህን ጽሑፍ አስቀድሜ ለአንድ ሚዲያ አቅርቤ ነበር። አዘጋጁ «ዝሆኑ የታል?» አለኝ። የለም፣ ፋንድያውና ሰውዬው ናቸው ያሉት አልኩ። «እንግዲያው የጅቡን ስጠን፣ በአፍ ሲመገብ ያለውን።» ስለዚህ እዚህ፣ እናንተ ዘንድ አመጣሁት።

ጳጉሜን 5 ችቦ ተለኮሰ። እናቴ ለልደቴ ነው ብላ ዶሮውን አንድ ቀን አስቀድማ ሠራች፤ አጥንቱን ሰብስባ ማታ ከአጥሩ ውጭ አወጣችው። ጠዋት አልነበረም።

መሄድ ለምታስቡ፦ ባቢሌ ያለ ስካውት አትግቡ፣ ከማለዳው ጀምሩ፣ ውሃ ያዙ፤ ከተማዋ ስትደርሱ ለውዝ ግዙ። ጁገል ውስጥ ሌሊት የምትወጡት ከሰፈሩ ሰው ጋር ይሁን። የካሜራችሁን ፍላሽ አታብሩ፣ ጅቡ ሲመጣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላችሁ አሳልፉት።