እስከ በረካ

በሃዲያ ዘመን መለወጫ፣ በያሆዴ ሰሞን፣ ሆሳዕና ውስጥ ብቻውን የሚያድር ሰው የለም። ከአዲስ አበባ የገባው፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው፣ ከዱራሜ የተሻገረው አማች፣ ሁሉም ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ለፍራሽ ይደረደራል። አታካናው ተበልቶ፣ ጨዋታው አልቆ፣ መብራት ሲጠፋ የየሰው ጉድ ይሰማል። ጠዋት ሳቅ ነው፦ «ሌሊት አይሱዙው ዳገቱን ሲወጣ ሰማችሁ?»

ድሮ አይሱዙው አጎታችን ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ልጅ ሳለሁ አንድ ሌሊት አጠገባቸው ተኝቼ ማንኮራፋታቸው ድንገት ቁርጥ ሲል «ተመስገን» ብዬ ዞር አልኩ። ዝምታው ግን ቆየ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ሰምጦ እንደወጣ ሰው አየር ሲስቡ ሰማሁ። ለካስ መፍራት የነበረብኝ ጩኸቱን ሳይሆን ዝምታውን ነበር። የእንቅልፍ አፕኒያ ይሉታል። ትንፋሽ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በሰዓት 5 ሲደርስ ሐኪሞች ማስተዋል ይጀምራሉ፣ 30 ሲያልፍ ከባድ ነው።

ጋሼ ደቡብ አፍሪካ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ሱቅ ነበራቸው። ከመደርደሪያው ጀርባ አብረዋቸው የሚያድሩት የአገር ልጆች ናቸው እንቅልፍ ሲያጡ ጎትተው ሐኪም ቤት የወሰዷቸው። መጀመሪያ በጭምብል አየር የሚነፋው ማሽን ተሰጣቸው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን ያስተዋወቀው፣ ከሕክምናዎቹ ሁሉ ኃይለኛው ማለት ነው። አልቻሉትም። «ታፍኜ ልሙት?» አሉ። ደግሞም አገር ሲገቡ መብራቱስ?

ስለዚህ አንድ የጥርስ ሐኪም የጥርሳቸውን ቅርጽ ወስዶ ላይና ታች የሚገጠም ፕላስቲክ ሠራላቸው። ታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ሳብ አድርጎ ይይዛል፤ ምላስም አብሮ ይሳባል፣ ጉሮሮ ይከፈታል። መብራት አይፈልግም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ይኸው 8 ዓመታቸው። ጠዋት ሲያወልቁት የላይና የታች ጥርሳቸው አይገጥምም። በፊት በፊት አቦሉ ሳይቀዳ ይመለስላቸው ነበር። ኋላ ወደ ቶና ተሻገረ። ዘንድሮ አጠገባቸው ተቀምጬ አየኋቸው፦ አንዲት የገብስ ቆሎ በኋላ ጥርሳቸው ይዘው ሊሰብሩ ይሞክራሉ፣ ትንሸራተታለች፣ በምላሳቸው ይመልሷታል፣ እንደገና። በረካው ተቀድቶም ቆሎዋ አልተሰበረችም። ሳቁና ዋጧት።

የሚጠበቅ ነገር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት እንዲህ ያለውን መሣሪያ በአማካይ 11 ዓመት ያደረጉ 77 ሰዎችን ተከታትሎ፣ የላይኛው የፊት ጥርስ ከታችኛው ጋር ያለው መደራረብ በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። አብዛኛው ሰው አይታወቀውም። በእኔ ግምት ትንፋሽን በ2 ሚሊ ሜትር መግዛት ርካሽ ነው፤ ጋሼም እንዲያ ነው የሚሉት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሳሉ በየዓመቱ ጥርሳቸው ይለካ፣ መንጋጋውን የሚስበው ብሎን ይስተካከል፣ መሣሪያው አፋቸው ውስጥ እያለ ሌሊት ትንፋሻቸው ይቆጠር ነበር። ጠቅልለው ከገቡ ግን 2 ዓመት ሆናቸው፤ የነካቸው የለም። ሄደው ያሳዩት ወጣት የጥርስ ሐኪም መሣሪያውን ገልበጥ አድርጎ አየውና በትምህርት ላይ ብቻ እንደሚያውቀው በትሕትና ነገራቸው። ዕድሜ ጨምሯል፣ ቦርጭም ጨምሯል፤ ትናንት የበቃ ስበት ዛሬ ላይበቃ ይችላል። ክፋቱ፣ መሣሪያው ማንኮራፋቱን አጥፍቶ የትንፋሹን መቋረጥ ሊተወው ይችላል። ሳሎኑ ጸጥ ካለ ማን ይጠረጥራል?

ይህን ሳያውቅ ጎረቤቱ ሁሉ «ለእኔም አንድ አስመጣልኝ» ይላቸዋል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው የሚነክሱት ርካሽ ዓይነትም በሻንጣ እየገባ ነው። ጋሼ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጫማ አይደለም እኮ ልጄ፣ በቁጥር አይላክም።»

በዚህ ያሆዴ ፍራሼን ሆን ብዬ ከእሳቸው አጠገብ አነጠፍኩ። ሰማያዊዋን ሳጥን ከፍተው፣ መሣሪያውን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ገጠሙና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማንኮራፋት የለም። የስልኬን ሰዓት ይዤ ትንፋሻቸውን መቁጠር ጀመርኩ።