የጨረቃ ማገዶ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ አቶም ብዕር ስናነሣ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። «ግጥማችሁንና ታሪካችሁን ይዛችሁ ብትቀመጡ ምናለበት» የሚሉንም አይጠፉም። ነገር ግን ለዓለም ሁሉ ተስፋ ሲሰጥ፣ ተስፋው ምን ያህል እንደሚጨበጥ መመርመር የፊዚክስ ሊቃውንት ሥራ ብቻ አይደለም። ተስፋ መስጠት ቃል መስጠት ነው፤ ቃልን መመርመር ደግሞ የእኛ ትምህርት ነው። ስለዚህ ሂሊየም 3 ከሚባለው ጋዝ ይገኛል ስለሚባለው ታላቅ ኃይል የተረዳነውን ያህል ለመጻፍ ደፍረናል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ በመጀመሪያ ሂሊየም ምን እንደ ሆነ እንናገር። ሰው ሂሊየምን አስቀድሞ ያወቀው በምድር ላይ ሳይሆን በፀሐይ ላይ ነው። በ1868 የፀሐይን ብርሃን የመረመሩ ሊቃውንት በምድር ላይ ከሚታወቁት ንጥረ ነገሮች ከአንዱም ጋር የማይስማማ ቢጫ መስመር አዩ፤ ስሙንም ፀሐይ ከሚለው የግሪክ ቃል አወጡለት። በኋላ እንደ ታወቀው፣ ሂሊየም የፀሐይ አመድ ነው ቢባል ያስኬዳል። በፀሐይ ሆድ ውስጥ አራት የሃይድሮጅን አስኳሎች ደረጃ በደረጃ ተዋሕደው አንድ የሂሊየም አስኳል ይሆናሉ፤ በዚህም ጊዜ ከክብደታቸው ከሺህ ሰባት ያህሉ ወደ ብርሃንና ሙቀት ይለወጣል። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሚሠሩት የአቶም ኃይል ማመንጫዎች ግን መንገዳቸው ተቃራኒ ነው፤ እነርሱ ከባዱን የዩራኒየም አስኳል ይሰነጥቃሉ፤ ለብዙ ሺህ ዓመታት የሚያሰጋ ዝቃጭም ትተው ያልፋሉ።

ማዋሐድም ቢሆን ዓይነት አለው። ለማቀጣጠል የሚቀለው ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም የተባሉትን ሁለቱን የሃይድሮጅን ዓይነቶች ማዋሐድ ነው። ቀላል የተባለው ይህ እንኳ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከሚወለደው ኃይል ከመቶ ሰማንያውን ይዞ የሚወጣው ደግሞ ኒውትሮን ነው። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ጠባይ ስለሌለው ማግኔት አያግደውም፤ የምድጃውን ግድግዳ እየመታ ያደክመዋል፤ ብረቱንም ጨረር አመንጪ ያደርገዋል። በትሪቲየም ፈንታ ሂሊየም 3 ቢገባ ግን የሚወለዱት ፕሮቶንና ተራ ሂሊየም ናቸው። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላላቸው በማግኔት ሊመሩ ይችላሉ፤ ውኃ አፍልቶ ተርባይን ማዞር ሳያስፈልግም ኃይላቸውን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ይቻል ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። የሊቃውንቱ ጕጕት ከዚህ የመጣ ነው። ፍጹም ንጹሕ እሳት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ዲዩቴሪየሙ እርስ በርሱ እየተዋሐደ ጥቂት ኒውትሮን ማውጣቱ አይቀርም። የሚያስፈልገውም ሙቀት ከፊተኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ማገዶው ከወዴት ይገኛል? በምድር ላይ ሂሊየም 3 እጅግ ብርቅ ነው። በአየር ውስጥ ካለው ጥቂት ሂሊየም መካከል እንኳ ከሚሊዮን አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ዛሬ በየቤተ ሙከራው ያለው አብዛኛው የተገኘው ከሃይድሮጅን ቦምብ ሥራ ነው፤ ለቦምብ የተዘጋጀ ትሪቲየም በ12 ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ እኩሌታው ወደ ሂሊየም 3 ይለወጣልና። ለሰላም የታሰበው ማገዶ ከጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የሚቀዳ መሆኑን የታሪክ ተማሪ ልብ ሳይለው አያልፍም።

ስለዚህ ዓይኖች ወደ ጨረቃ ተመለሱ። ጨረቃን የሚሸፍን እንደ ምድር ያለ አየርም ሆነ የማግኔት መጋረጃ ስለሌላት፣ የፀሐይ ነፋስ በቢሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ሂሊየም 3ን በአፈሯ ላይ ሲዘራ ኖሯል። በ1986 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአፖሎ ጉዞዎች የመጣውን አፈር መሠረት አድርገው፣ በጨረቃ ላይ አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል ይኖራል ብለው ገመቱ። በ1972 ጨረቃን የረገጠው የአፖሎ 17 ጂኦሎጂስት ሃሪሰን ሽሚትም የዚህ አሳብ ዋና ጠበቃ ሆነ። አንድ ኪሎ ሂሊየም 3 በሙሉ ቢዋሐድ ከ160 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይሰጣል፤ ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን በአፈሩ ውስጥ ያለው መጠን ከቢሊዮን አሥር እጅ ያህል ስለሆነ፣ ያችን አንድ ኪሎ ለማግኘት 100,000 ቶን አፈር መዛቅና እስከ 700 ዲግሪ ማጋል ሊያስፈልግ ነው። ይህም እውነት ነው።

የተስፋውም ዕድሜ አጭር አይደለም። በ1955 በጄኔቫ አቶምን ለሰላም ስለ ማዋል በተደረገው ጉባኤ፣ ሊቀ መንበሩ ህንዳዊው ሆሚ ባባ የማዋሐድ ኃይል በሃያ ዓመት ውስጥ እንደሚገራ ተነበዩ። በ1958 የእንግሊዝ ሊቃውንት ዜታ በተባለው መሣሪያ እንደ ተሳካላቸው አስታወቁ፤ ወራትም ሳይቆዩ ቃላቸውን ለማጠፍ ተገደዱ። በዲሴምበር 2022 በካሊፎርኒያ ሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ በ2.05 ሚሊዮን ጁል የሌዘር ብርሃን 3.15 ሚሊዮን ጁል ተገኘ። ይህ ታላቅ ድል ነው፤ ነገር ግን ሌዘሮቹ ራሳቸው 300 ሚሊዮን ጁል ያህል ኤሌክትሪክ በልተዋል፤ የተዋሐደውም ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም እንጂ ሂሊየም 3 አልነበረም። በ2023 ደግሞ ሂሊየም 3ን በገዛ መሣሪያው ከዲዩቴሪየም እያመረተ ለማንደድ ያሰበው ሂልየን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ከ2028 ጀምሮ ለማይክሮሶፍት ኤሌክትሪክ ለማቅረብ ተዋዋለ።

ይህን ስናወራ ጓደኞቻችን በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል፤ ሌላው «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ብሎ ይሥቃል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። የማይሥቅ ሰው ይታለላል፤ ሁልጊዜ የሚሥቅ ግን አይማርም።

ነገሩ ለእኛ የወሬ ማጣፈጫ አይደለም። እናታችን ዛሬም እንጀራ የምትጋግረው በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት ነው፤ ጢሱም ዓይኗን ጎድቶታል። ባለፈው ዕረፍት አገር ቤት ወርደን ሳለ ሰዎች ከጨረቃ ማገዶ ሊያመጡ እንደሚያስቡ ብንነግራት ምጣዷን አሰስ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያም «ተሸካሚውስ ማን ነው ልጄ?» አለችን። በሕይወቷ ሙሉ ማገዶ የተሸከመች ሴት ከዚህ ሌላ ምን ትጠይቅ? እኛም በዚህ ሁሉ ንባባችን ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አላገኘንም።

ተሸካሚው ማን ነው? ባለቤቱስ? በ1967 የተፈረመው የጠፈር ውል ማንም መንግሥት ጨረቃን የግዛቴ ናት ሊል እንደማይችል ይደነግጋል። አሜሪካ ግን በ2015 ባወጣችው ሕግ ዜጎቿ ከጠፈር የሚያወጡትን ሀብት የራሳቸው ማድረግ እንደሚችሉ ወሰነች። ቻይናም በ2020 ቻንግኤ 5 ባመጣችላት አፈር ውስጥ ያለውን ሂሊየም 3 አስመርምራለች። ምድጃው ገና ሳይነድ ስለ ማገዶው መሰለፍ ተጀምሯል ማለት ነው። ነዳጅ ዘይት በተገኘባቸው አገሮች የሆነውን ያነበበ ሰው፣ ማን ቆፍሮ ማን እንደ ሞቀ ያውቃል። ይህን ጥያቄ የፕላዝማ ሙቀት አይፈታውም፤ የሕግ፣ የታሪክና የኢኮኖሚ ተማሪ ሊያስብበት ይገባል፤ የሚያስብበትም ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ዛሬ ነው።

ስለዚህ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን በማኅበራችን አዳራሽ ቀርበው ይህን ነገር እናታችን በምትሰማው ቋንቋ እንዲያስረዱን እንለምናለን። እኛም በበኩላችን ቀላሉን ሂሳብ ሳንሠራ ለማድነቅም ሆነ ለመሣቅ እንዳንቸኩል ቃል እንገባለን። የሂሊየም ተስፋ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ብድር የሚሰጥ ሰው ወረቀቱን እንደሚመረምር፣ ቀኑን፣ መጠኑንና ፈራሚውን እየጠየቅን እንያዘው።