ጣራ ገዳምና አጥቢያ ያጡ ግንቦች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ ወረታን አልፎ፣ የርብንም ወንዝ ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ ሲቃረብ፣ ከዙሪያው አገር ተለይቶ በደን የተሸፈነ ተራራ ያያል። ይህ ጣራ ገዳም ነው። ጎረቤቱ አገር ለእርሻና ለማገዶ ተመንጥሮ ሳለ፣ በገዳሙ ክልል ወይራው፣ ሰሳው፣ እምብሱና ብሳናው እስከ ዛሬ ቆመዋል። ደኑን ያቆየው የመንግሥት ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንጨት መቍረጥ እንደ ነውር ስለሚቈጠር የአጥቢያው ሰው ራሱ ጠባቂ ሆኖ ኖሯል።

ከተራራው በስተ ምዕራብ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ባሕር ድረስ ተዘርግቷል። ሜዳው ከጥንት በላሞቹ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ ያበቅላልና የወረታ ስም ከሩዝ ጋር ይነሣል። እኛ ግን አንባቢዎቻችንን ወደ ሰሜን እንዲመለከቱ እንለምናለን። በዚያ አቅጣጫ ደብሳን በእንፍራዝ፣ ከዚያም ደንቀዝና አዘዞ፣ ከባሕሩ ማዶም ጎርጎራ ይገኛሉ። በእነዚህ ስፍራዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተሠሩና የተተዉ የካቶሊካውያን ግንቦች ፍርስራሽ አለ።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1557 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ወደ አገራችን ገብተው በዓድዋ አጠገብ በፍሬሞና ተቀመጡ። ነገራቸው የሰመረላቸው ግን በ1603 ዓ.ም. እስፓንያዊው አባ ጴጥሮስ ጳኤዝ ከመጡ በኋላ ነው። እኒህ ሰው የአገሩን ቋንቋ ተምረው፣ ለአፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ በ1618 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ አይተው የጻፉ፣ እጅግም ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። ንጉሡ በ1622 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጽ ተቀበሉ፤ ጳኤዝም በዚያው ዓመት ሞቱ።

በ1625 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ትዕግሥቱን አልወረሱም። በሚከተለው ዓመት ንጉሡ በደንቀዝ ለሮማ መታዘዛቸውን በመሐላ አረጋገጡ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። ክርስትና የተነሣ ሕፃን እንደ ገና ይጠመቅ ተባለ። ስንት ዘመን የቀደሰ ቄስ እንደ ገና ይካን፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንደ አዲስ ይባረክ ተባለ። ቅዳሜን ማክበር ተከለከለ፤ ግዝረት ተነቀፈ፤ የበዓላቱና የአጽዋማቱም ቀን ተለወጠ። የልጅሽ ጥምቀት ከንቱ ነው የተባለች እናት ምን ብላ ትታዘዝ? ነፍስ አባትህ ካህን አይደለም የተባለስ ገበሬ፣ በማን እጅ ቈርቦ በማን ጸሎት ይቀበር? እንደ እኛ አስተያየት የሱስንዮስ ዘመን ያለቀው በሊቃውንት ክርክር ሳይሆን በዚህ በቤተ ሰብ ጥያቄ ነው።

አመፁ በየአውራጃው ተነሣ። በ1632 ዓ.ም. ንጉሡ የላስታን ሰዎች በወይና ደጋ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በሜዳው የወደቀው ብዙ ሺህ ሰው የገዛ ሕዝባቸው ነበርና ድሉ ኀዘን ሆነባቸው። ወዲያው ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። እርሳቸው በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ ሜንዴዝና መነኮሳቱም ከአገር ተሰደዱ።

የግንቦቹ ዕድል ግን አንድ ዓይነት አልሆነም። ሱስንዮስ የተቀበሩበት የአዘዞው ገነተ ኢየሱስ ኋላ ለተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ስፍራ ሆነ። በጎጃም በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ ያሠሩትና ኢየሱሳውያን ያደሱት ቤተ ክርስቲያን ቢፈርስም፣ ውብ ቅርጽ ያለው ድንጋዩ ዛሬም ከሚቀደስበት ደብር አጠገብ ቆሟል። ፓትርያርኩ የተቀመጡበት ደብሳን ግን ምእመኑም ቄሱም በአንድ አዋጅ ስለ ተለዩት የሚጠግነው አላገኘም። በኖራ የተያያዘ ግንብ ከጭቃ ቤት ይልቅ እንደሚቈይ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ክረምት በገባ ቍጥር ሣር የሚከድንለት አጥቢያ ያለው የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ከእርሱ በልጦ ኖረ።

ካቶሊካውያን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሲመለሱ ይህን የተረዱ ይመስላል። በ1839 ዓ.ም. የመጡት ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ፣ በአገሩ ሰው አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ የላቲንን ሥርዐት ትተው በግእዝ ቀደሱ። ደቀ መዝሙራቸው ጎጃሜው መምህር አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 ዓ.ም. በእስር ሳሉ ሞቱ፤ ሮማም በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። በ2015 ዓ.ም. የባሕር ዳርና የደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሲቋቋምም በዚሁ በግእዝ ሥርዐት ነው።

ልጆቻቸውን ይዘው በዚህ መንገድ ለሚያልፉ ወላጆች የምንመክረው ጥቂት ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ጣራ ገዳምን ይውጡ፤ በዕለቱም እንፍራዝን አልፈው አዘዞ ይድረሱ፤ በዚያ የቀድሞውን የውሃ ገንዳ ግንብ ለልጆቹ ያሳዩ። ወደ ፍርስራሹ ከመግባት በፊት የደብሩን ካህናት ማስፈቀድ ይገባል፤ የወደቀውንም ድንጋይ ከወደቀበት አያንሡ፤ ግንቡን የሚያጠኑ ሰዎች ጥንተ አሠራሩን የሚለዩት ድንጋዩ በወደቀበት ቦታ ነውና።