ሁለት ሌሊት በሮሃ

ወልድያ ተወልዶ ላሊበላን ሳያይ ያረጀ ሰው ብዙ ነው። ቅርብ ያለ ነገር «ነገ ይታያል» እየተባለ ይቆያልና። እኔም ከዚሁ ወገን ነበርኩ። አዲስ አበባ ገብቼ ከከረምኩ በኋላ አምስት ኪሎ ካለው ብሔራዊ ሙዚየም እየተመላለስኩ ድንቅነሽን ሦስት ጊዜ ጎብኝቻለሁ፤ ከተወለድኩበት ቤት የግማሽ ቀን መንገድ የማይሞላውን ሮሃን ግን አላየሁም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ለገና እናቴን ይዤ ስሄድ ዕድሜዬ አርባን ተሻግሯል።

የጉዞው ምክንያት ስለት ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ በቆየችበት ጊዜ ስልኩም መብራቱም ጠፍቶ፣ እኔና እናቴ አራት ወር ያህል ድምፅ ሳንሰማማ ኖርን። እኔ ሰላም አገር ተቀምጬ ለእሷ ስጨነቅ፣ እሷ ለካ የምትሳለው ለእኔ ኖሯል። «እመቤቴ፣ የልጄን ድምፅ ብቻ አሰሚኝ፤ በልጅሽ የልደት ሌሊት ቤትሽ ድረስ መጥቼ ጥላ አስገባለሁ» ብላ። ስልኩ በተከፈተ ዕለት መጀመሪያ የነገረችኝም ይህንኑ ነው። ስለ ከባድ መሣሪያውና ስለ ዱቄቱ ማለቅ ያወራችኝ ከርሞ ነው።

በዚያው ዓመት ገና ጉልበቷ አላስኬዳትም። ለተከታዩ ዓመት ዘርፋማ የከፋይ ጥላ ከአዲስ አበባ ገዝቼ፣ ከጥላው ጋር አንድ እቅድ ይዤ ወልድያ ገባሁ።

እኔ የቢሮ ሰው ነኝና ጉዞን በሰንጠረዥ ካላየሁት አልረጋም። ያለን ጊዜ ሁለት ሌሊት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ደግሞ 11 ናቸው፤ በሁለት ወገን ሆነው ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝ ይለያቸዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን ራቅ ብሎ ይገኛል። ሁሉም ከአለት የተፈለፈሉ ስለሆኑ መግባት ማለት በደረጃና በጠባብ መተላለፊያ ቁልቁል መውረድ፣ መውጣት ማለትም ያንኑ መልሶ መውጣት ነው። በየደጃፉ ጫማ ይወለቃል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው አሥራ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጫማ ሲያወልቅና ሲያጠልቅ የሚፈጀውን ደቂቃ ሳይቀር አስልቼ፣ ማሠሪያ የሌለው ጫማ ገዛሁላት። «ሲኦል» የሚሉትን ጨለማ ዋሻ ለጉልበቷ ስል ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። (እናቴ ይህን ስትሰማ «ከሲኦል ያወጣኸኝ አንተ ነህ ማለት ነው?» ብላ ስቃብኛለች።)

በራሴ የኮራሁት ግን ሕዝቡን ለመሸሽ በቀየስኩት ዘዴ ነበር። ሐሙስ ታኅሣሥ 27 የመድኃኔዓለም ቀን ስለሆነ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤተ መድኃኔዓለም ይሄዳል፤ እኛ ጊዮርጊስን በእርጋታ እንሳለማለን። ዓርብ 28 አማኑኤል ነው፤ ሰዉ ወደ ቤተ አማኑኤል ሲጎርፍ እኛ መድኃኔዓለም ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን። ጥላውን ሐሙስ ማታ፣ ሳይጨናነቅ፣ ለቤተ ማርያም እናስረክባለን። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

እናቴ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ልጄ፣ በመድኃኔዓለም ቀን መድኃኔዓለምን ዘልዬ ጊዮርጊስ ዘንድ ብሄድ፣ ጊዮርጊስስ ምን ይለኛል?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ያን የወር ዝርዝር ያነበብኩት ሰው የሚበዛበትን ቀን ለማወቅ ነው፤ እሷ የምታነበው ማን ዘንድ እንደምትጠራ ለማወቅ ነው።

ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከወልድያ መናኸሪያ ተነሣን። ቻይና የሠራው መንገድ ከሳንቃ በኋላ ድልብን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ በእግራቸው የሚጓዙትን አገኘናቸው፤ ዳቦ ቆሎ በአቁማዳ፣ ሕፃን በጀርባ፣ አብዛኞቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። ረፋዱ ላይ ከተማዋ እንደ ደረስን የላሊበላ ልጆች ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘው የእንግዳ እግር ሲያጥቡ ተገኙ። አንዱ ጎረምሳ እናቴን «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ አስቀምጦ ያን ማሠሪያ የሌለው ጫማ አወለቀው። እስክንመለስ ድረስ ደግማ አላደረገችውም። በፌስታል አድርጌ ሁለት ቀን ተሸከምኩት።

ቤተ መድኃኔዓለም ከአሥራ አንዱ ትልቁ ነው፤ ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ ይሆናል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በላዩ ላይ ከዝናብ እንዲከላከል ግዙፍ የብረት መጠለያ ተተክሎበታል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ መሠራቱን ለእናቴ ስነግራት ቀና ብላ አይታ፣ «ይህችን ጥላ እነሱ ናቸዋ ተስለው ያስገቧት?» አለች። ወረፋው በአፍሮ አይገባ መስቀል ለመታሸት ነበር። ይህ 7 ኪሎ ያህል የሚመዝን የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ፣ ቤልጅየም ድረስ ተሻግሮ፣ በ1993 ዓ.ም. የተመለሰ ነው። ሦስት ሰዓት ቆምን። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ እናቴ ከሰቆጣ ከመጣች ሴት ጋር ጎረቤት ሆነች፤ ልጆቻቸውን ተቆጣጠሩ፤ ጦርነቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አውርተው ተዉት። ተራዋ ሲደርስ መጀመሪያ ያስነካችው ጉልበቷን ሳይሆን ግንባሯን ነው። ለምን ስላት «ጉልበቱማ እዚህ አድርሶኝ የለም?» አለች።

በዚያ ምሽት «ጥላውን አሁን እንስጥ፤ ቤተ ማርያም እዚሁ አጠገባችን ናት» ብዬ ለመንኳት። ስለቱ ለልደት ሌሊት ነው አለች። እሺ አልኩ። በኋላ የቆጨኝ ይህ እሺታ ነው።

ዓርብ በአማኑኤል አለፈ። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባምና እናቴ ግድግዳውን ተሳልማ ደጅ ላይ ቆየችኝ። ወደ ሙዚየሙም ገባን፤ ትከሻ ለትከሻ ነው። ከመስተዋት ጀርባ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት ተደርድረዋል። እኔ መግለጫውን ለማንበብ አንገቴን ሳሰግግ፣ ከጎኔ ያሉት ሴቶች መስተዋቱን ይሳለማሉ፤ እናቴም ተሳለመች። ጠባቂው አለፍ እያለ በጨርቅ ይወለውላል፤ ሳይቆጣ። አዲስ አበባ ድንቅነሽ ፊት የቆምኩትን አስታወስኩ። እዚያ እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ነበር የምናየው። ቤተ ጊዮርጊስን ጀንበር ስትጠልቅ ከላይ፣ ከአለቱ ጠርዝ ሆነን አየነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ሰው አላስጠጋ አለን።

ከዚያ ሌሊቱ መጣ። ወደ ቤተ ማርያም በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ሕዝቡ እንደ አንድ አካል ሆኖ ይንቀሳቀሳል። እናቴ ጥላዋን እንደ ሕፃን አቅፋለች። ደረጃው አፋፍ ላይ ስንደርስ ሁለት ወጣቶች ትንፋሽ ያጠራትን ሴት ተሸክመው ሲወጡ አየሁ። ቆምኩ።

«እማዬ፣ ከዚህ አንወርድም።»

አየችኝ። ለአራት ወር ድምፄን የለመነች ሴት፣ ያው ድምፅ አይሆንም ሲላት ሰማች። አልተከራከረችም፤ «እሺ ልጄ» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያም ከፊቷ ያለችውን ሴት ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ «ለእመቤቴ ናት፤ አሳልፉልኝ» አለች። ሴትየዋ ተቀብላ ለፊተኛው ሰጠች፤ ያም ለሌላው። ጥላው እንደ ታጠፈ በሰው ራስ ላይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሄደ፤ ዘርፉ በጧፍ ብርሃን ብልጭ ይል ነበር። መተላለፊያው አፍ ላይ ትንሽ ዘንበል አለና ከዓይናችን ተሰወረ።

ሌሊቱን አለት ላይ በጋቢ ተጠቅልለን አደርን፤ የላስታ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ጠዋት «ቤዛ ኩሉ» ሲወረብ ካህናቱ በሁለት ወገን ነበሩ፤ ግማሾቹ ማሜ ጋራ በሚባለው አፋፍ ላይ እንደ መላእክት፣ ግማሾቹ ታች በቅጥሩ ውስጥ እንደ ሰው ልጆች። ካለንበት የላይኞቹን አየናቸው፤ የታችኞቹን ድምፃቸውን ብቻ ሰማን። እናቴ እያሸበሸበች አለቀሰች። የደስታ ይሁን የቀረባት ነገር፣ አልጠየቅኳትም። ዛሬም ያንን ሌሊት ሳስብ፣ አንድ ጊዜ ትክክል ነበርኩ እላለሁ፤ ሌላ ጊዜ፣ ሁለት ዓመት የታሰበን ስለት አሥር ሜትር ሲቀረው ያስቀረሁ ሰው እሆናለሁ። ሐሙስ ምሽት ብገፋበት ኖሮ፣ ወይም ሁለት ቀን ቀድመን ገብተን ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከ11ዱ በወጉ የገባነው ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ስንመለስ ድልብን እየወረድን ሳለ «ጥላው ይድረስ አይድረስ እንዴት እናውቃለን?» አልኳት። ደርሷል አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ትንሽ ቆይታ የሚቀጥለውን ጉዞ ማቀድ ጀመረች፤ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ዕረፍት የሚከበርበት ሰኔ 12 ይሁን አለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ የማያስተማምን ስለሆነ እስካሁን አልሄድንም። ያን ዕለት ግን የታየኝ መሰናክል አንድ ብቻ ነበር።

«ሰኔማ ዝናብ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

«ታዲያ ጥላችን እዚያው አይደለም እንዴ?»