አጭር መልስ፣ ረጅም ንባብ



ጋዜጠኛና ደራሲ ጳውሎስ ኞኞ በመደበኛ ትምህርት ከ4ኛ ክፍል አላለፈም። በ1926 ዓ.ም. ተወልዶ በ1984 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ግን ስለ አጤ ቴዎድሮስ፣ ስለ አጤ ምኒልክ፣ ስለ ኢትዮጵያና ጣሊያን ጦርነት መጻሕፍት ጽፏል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ በነበረው «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተባለው ዓምዱ ነው። አንባቢ ይጠይቃል፤ እሱ በጥቂት መስመር፣ ብዙ ጊዜም ፈገግ በሚያሰኝ አነጋገር ይመልሳል።

ይህ ለምን እኛን ይመለከታል? ከኮልፌ የመጣን የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ብዙ ተነጋግረንበታል። አንዳንዶቻችን «ይህ እኮ ጨዋታ ነው፣ እውቀት አይባልም» ብለን ነበር የጀመርነው። ሌሎቻችን ደግሞ አንድን ነገር በ3 መስመር ለመመለስ ስንት ገጽ ማንበብ እንደሚያስፈልግ ጠየቅን። ክርክሩ የተፈታው በምጣድ ነው።

እንደምታውቁት በኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። አንዷ እናት ምጣድ ስትሰካ የሁሉም አምፖል ይደበዝዛል። ለእረፍት ቤት ስንገባ «እናንተ ኢንጂነሮች፣ ምጣዱ መብራቱን ለምን ይጠጣዋል?» እንባላለን። መልሱ በክፍል የተማርነው ነው፤ ነገር ግን ቀመር ለጎረቤት መልስ አይሆንም። ተመካክረን ይህችን አወጣን፦ «እማማ፣ አንዱ ጎረቤት ቧንቧውን እስከ ጥግ ሲከፍት የሌላው ውሃ አይቀጥንም? ሽቦውም እንዲሁ ነው፤ ምጣዱ ብዙ ሲስብ ለአምፖሉ የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል።» 2 ዓረፍተ ነገር ናት። ከኋላዋ ግን የአንድ ሴሚስተር ትምህርት አለ። ያንን ያልተማረ ሰው ምሳሌዋን ሊሸመድዳት ይችላል፤ «ታዲያ ሽቦው ለምን ይግላል?» ቢባል ግን ይቆማል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከብዙ ንባብ የወጣ አጭር ነገር አለ፤ ከሌላ አጭር ነገር የተቀዳ አጭር ነገርም አለ። በስልካችን በየቀኑ የሚመጣው አብዛኛው ሁለተኛው ነው። ከላይ የአንድ ታላቅ ሰው ስም ይለጠፍበታል፤ ከየት መጽሐፍ እንደተወሰደ ግን የሚናገር የለም። መድረሳ የተማርን ሰዎች ይህን ዝም ብለን ማሳለፍ አይገባንም። ኡስታዞቻችን «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» ማለትን ከልጅነታችን አስተምረውናል።

አጭርና አስቂኝ ጽሑፍ ለኛ ባዕድ አይደለም። የበስራው አል-ጃሒዝ ስለ ስስታሞች የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያስቃል። እሱ ግን የመጽሐፍ ሻጮችን ሱቅ ተከራይቶ ሌሊቱን ሲያነብ ያድር እንደነበር ይነገራል። የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚም በሐሳባቸው የሚያልፈውን እየያዙ ጽፈው «ሰይዱል ኻጢር» አሉት፤ የሐሳብ አደን እንደ ማለት ነው። አዳኝ ደግሞ ጫካ ሳይገባ አያድንም።

አጭር መልስ አንድ አደጋም አለው፤ ሁሉን የማውቅ ያስመስላል። ለዚህ መድኃኒቱ ኢማም ማሊክ ናቸው። ከሩቅ አገር ተጉዘው ለመጡ ጠያቂዎች እንኳ ለአብዛኞቹ ጥያቄዎች «አላውቅም» ማለታቸው ተዘግቧል። ከዚህ የሚያጥር መልስ የለም፤ ለመናገር ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የጥያቄ ማዕዘን ይከፈት። ጥያቄው ከቤት፣ ከሰፈር፣ ከገበያ ይምጣ። የሕክምናው ተማሪ የሕክምናውን፣ የሕጉ ተማሪ የሕጉን ይመልስ። መልሱ ከ5 መስመር አይብለጥ፤ ከሥሩ መልስ ሰጪው ያነበበው መጽሐፍ ስምና ገጽ ይጻፍ። መልስ ያጣንለት ጥያቄም ይታተም፤ ሌላ አንባቢ ያውቀው ይሆናል።

ከኮልፌ የመጣችው የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህች ናት፦ አፉ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ቀን ፀሐይ ላይ ያብጣል፣ ሌሊት ይሰረጉዳል፤ ለምን? የሚቀናችሁ መልሱልን፤ ገጹን ግን እንዳትረሱ።