ሰሙ ቁጠባ፥ ወርቁ ዕዳ

አንባቢ ሆይ፥ ቤት የሌለው ሰው ሁሉ ቤት ይመኛል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ዕዳውን የሚቈጥር ጥቂት ነው። እኔም ከማይቈጥሩት አንዱ ነበርሁ።

በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ምዝገባ በተደረገ ጊዜ፥ 20/80 በሚባለው ተመዘገብሁ። በዚህ ሥርዓት ተመዝጋቢው ከቤቱ ዋጋ ከመቶ 20 ይቈጥባል፤ የቀረውን 80 ባንክ ያበድረዋል። በየወሩ ገንዘብ አግብቼ ደብተሬን ባየሁ ቍጥር ልቤ ደስ ይለው ነበር። ከደብተሩ በስተኋላ ግን የባለሱቁ ዱቤና፥ በሕመም ጊዜ ከአንድ አራጣ አበዳሪ የወሰድሁት 1,000 ብር ነበረ።

አንድ ማታ ባለቤቴ ባቄላ በሰፌድ ላይ እየደረደረች ሒሳቡን ታሰላ ጀመር።

«ለአበዳሪው በወር 100፥ በዓመት 1,200 ብር ወለድ ይከፍላሉ። ባንኩ ግን ለ1,000 ብር ቁጠባ፥ በመቶ 5 ሒሳብ፥ በዓመት 50 ብር ነው የሚሰጥዎ። ታዲያ የሚቈጥቡት ለማን ነው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ለብዙ ዓመት ተማሪዎችን ሰምና ወርቅ እንዲለዩ ያስተማርሁ ሰው፥ የገዛ ቤቴን ቅኔ መፍታት ተሳነኝ። ሰሙ ቁጠባ፥ ወርቁ ዕዳ ነበረ።

የዕቁቡ ዕጣ በደረሰኝ ጊዜ አስቀድሜ አራጣውን፥ ቀጥዬም ዱቤውን ከፍዬ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ የቈጠብሁት በእውነት የራሴ ሆነ። የቤቱ ዕጣ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ ነገር ግን በኪራይ ቤት ሳለሁ የበሩ መንኳኳት አያስደነግጠኝም። ቤት የምትሹ ሁሉ፥ ከደብተራችሁ በፊት ዕዳችሁን ቍጠሩ።